ጉዳቱ አንድ፣ በሩ ልዩ ልዩ

ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ሄዶ እንደሚያስመሰክር፣ ድጓ የዘለቀም መምህር ለመባል ቤተ ልሔም ይገባል። የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የድጓ መምህሩ የኔታ ናቸው። ሁለተኛዋ ከስማዳ የመጣች ሴት ናት፤ ወንድሟ በየኔታ ጉባኤ ድጓ ሲማር፣ እንጨት ለቅሞ ሲመለስ ከገደል ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ሦስተኛው በልጅነቱ እዚሁ ጾመ ድጓ ተምሮ፣ ኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ያጠና ባለሙያ ነው።

የኔታ፦ እንኳን ደኅና መጣህ ልጄ። እንግዲህ ልጁን አይተኸዋል። ጉባኤው ያለውን አዋጥቷል፤ መንደሩም ቁራሽ አልነፈገውም። ግን ይህ የአንድ ሰሞን ነገር አይደለም። እንዲህ ላለ ሰው መንግሥትም ድርጅቱም ያኖረው ነገር አለ ሲባል እሰማለሁ። የት ነው ያለው?

ባለሙያው፦ አለ፣ የኔታ። ችግሩ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አለመቀመጡ ነው። ደግሞም የትኛውም ቢሮ ቢሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ የጉዳቱን ክብደት አይደለም። «በምን ተጎዳ?» ይልዎታል። በሩ የሚከፈተው በዚያ መልስ ነው።

የኔታ፦ በምን ቢጎዳ ምን ይለውጣል? ወገቡ ያው ወገብ ነው።

ባለሙያው፦ ብዙ ይለውጣል። ይኸው ልጅ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ዳር መኪና ገጭቶት ቢሆን ኖሮ የሦስተኛ ወገን መድን ይደርስለት ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዛል። አስቸኳይ ሕክምናም መኪናው መድን ይኑረውም አይኑረውም ለተጎጂው እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ በአዋጁ እስከ 2,000 ብር ነበር። ለአካል ጉዳት ካሳው ጣሪያ ደግሞ በአዋጁ 40,000 ብር ተቀምጦ ነበር። ጣሪያው በየጊዜው ስለሚታይ የዕለቱን መጠየቅ ነው። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ቢሆን እንኳ የመድን ፈንድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ለተጎጂው እንዲከፍል ተደርጎ ነው የተሠራው።

እኅት፦ ገጭቶት ላመለጠበትም ይከፍላሉ? በእኛ ቀበሌ አንድ አባወራ አይሱዙ ገጭቶት ሾፌሩ ጠፋ። እግዜር ያውቃል ብለው ነው የቀሩት።

ባለሙያው፦ ለፖሊስ አመልክተው ነበር?

እኅት፦ ማን ያመለክታል? እሱን ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲሮጡ ነው የዋሉት።

ባለሙያው፦ እንግዲህ ያልኩት ይኸው ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ከሌለ ፈንዱ የሚይዘው ነገር የለውም። በዚያች ዕለት አንድ ሰው ቁስለኛውን ሲሸከም ሌላው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ነበረበት።

የኔታ፦ ሾፌሩ ሲገኝም እኮ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ጥቂት ብር ይሰጥና ነገሩ ይዘጋል። ሽምግልናውን ክፉ ነው ልትለኝ ነው?

ባለሙያው፦ ኧረ አይደለም። ዕርቁ ደም ያደርቃል፤ ማንም ሊተካው አይችልም። ግን ዕርቁ ሲቀመጥ ቁስለኛው ገና ሆስፒታል ነው። ይራመድ አይራመድ የታወቀ ነገር የለም። ዕርቁን የሚጽፉት ሽማግሌዎች «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የምትል ቃል ጨምረው ያስፈርሙታል፤ ከስድስት ወር በኋላ ሰውየው ሽባ መሆኑ ሲረጋገጥ ያች ቃል በሩን ትዘጋበታለች። ዕርቁ ይሁን፤ ካሳው ግን የሐኪም ቦርድ የጉዳቱን መጠን ከወሰነ በኋላ ይነገር። የኔታን ለሽምግልና ሲጠሩዎ ይህን አንድ ነገር ቢነግሩልኝ ብዙ ቤት ይተርፋል።

የኔታ፦ እነግራለሁ። ሌላውን በር ቀጥል።

ባለሙያው፦ ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ ሌላ በር ነበረው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ከተጎዳ የጉዳት ጡረታ አለው፤ ለዚያ የአገልግሎት ዘመን አይቆጠርበትም። ከሥራ ውጭ ቢጎዳና ሥራ መቀጠል ቢያቅተው አሥር ዓመት ካገለገለ የጤና ጉድለት አበል ያገኛል። በግል ድርጅት ተቀጥሮ የጡረታ ሽፋን የሌለው ከሆነ ደግሞ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ በሥራ ላይ ሙሉ በሙሉ አካሉን ላጣ ሰው የአምስት ዓመት ደመወዙን እንዲከፈለው ያዛል። ሕንጻ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫ የወደቀ የቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። ብዙዎቹ ወረቀት የለንም ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ እንጂ፣ ውል በቃልም ይጸናል።

እኅት፦ የኔ ወንድም መኪና አልገጨው፣ ደመወዝተኛ አይደለም።

ባለሙያው፦ አይደለም። ገበሬ፣ እረኛ፣ የቆሎ ተማሪ ከገደል ወይም ከዛፍ ሲወድቅ ካሳ የሚጠየቅ ሰው የለም። እዚህ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እንዲሁ ነው። እኔ ይህን አሠራር ትክክል ነው ብዬ አላምንም፣ የኔታ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ሲል በምን ተጎዱ ብሎ አልለየም። ተግባሩ ላይ ሲደርስ ግን ተከፋፍሎ ቀረ። ያም ሆኖ ለዚህ ልጅ ሁለት በሮች አሉ። የጤና መድህኑና ሴፍቲኔቱ።

እኅት፦ ሁለቱንም ጠይቄያለሁ። እዚህ ቀበሌ ሄድኩ፤ «የኛ ነዋሪ አይደለም» አሉኝ። ስማዳ ሄድኩ፤ «ከሄደ ስንት ዓመቱ፣ እዚያው ይጠይቅ» አሉኝ።

የኔታ፦ ልጁ የማንም አልሆነም ማለት ነው።

ባለሙያው፦ ይህ የአብነት ተማሪ ሁሉ ዕጣ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህኑም ሴፍቲኔቱም የሚመዘግቡት ሰውን ለብቻው ሳይሆን ቤተሰብን ነው። ተማሪው ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ከአገር አገር ሲዞር ከአባቱ ቤት መዝገብ ይወጣል፤ በሄደበትም አይገባም። እናታችሁ የጤና መድህን አባል ናቸው?

እኅት፦ ናቸው። በየዓመቱ ይከፍላሉ። ካርዱ ላይ ግን የሱ ስም የለም።

ባለሙያው፦ መጀመር ያለብሽ ከዚያ ነው። ልጅ 18 ዓመት ሲያልፈው ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎበት በቤተሰቡ ካርድ ላይ ይገባል። ቤቱ መክፈል የማይችል ከሆነም ቀበሌው ለይቶ ካስመዘገበው መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል። ይህ መድህን ለደቡብ ጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች። አንድ ነገር ግን አደራ። በመድህኑ ለመታከም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ በደረጃው መሄድ ያስፈልጋል። ቸኩላችሁ በቀጥታ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ብትገቡ ወጪው በናንተው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የኔታ፦ ሴፍቲኔቱስ? እሱ የሚሠራ ሰው ነው የሚፈልገው፤ እርከን ሥሩ፣ መንገድ ጥረጉ ይላል።

ባለሙያው፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ሁለት ወገንም አለው፣ የኔታ። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል። ጉልበት የሌለው፣ ማለትም አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ደጋፊ ያጣ፣ ሥራ ሳይጠየቅ የሚረዳበት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እንዲከፈለው ነው የተሠራው፤ ሠራተኛው ግን ለስድስት ወር ነው። ስማዳም ላይ ጋይንትም ታች ጋይንትም በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉ ወረዳዎች ናቸው። የሚመርጠው ግን የቀበሌው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ፊት ማን ይቆማል? ጉዳተኛው አይችልም፤ አስታማሚውም ትቶት መሄድ ያስፈራዋል። በስብሰባው ቀን የሚናገርለት ያጣ ሰው ስሙ ይዘለላል።

እኅት፦ እናቴ ስብሰባ አይወጡም። እኔም ልጆች አሉኝ።

የኔታ፦ ከተማሪዎቼ ሁለቱን እልካለሁ። አንዱ ልጁ ዘንድ ይቀመጣል፣ አንዱ ካንቺ ጋር ይዞራል።

ባለሙያው፦ ያ ከብር ይበልጣል፣ የኔታ። እስቲ ወረቀቶችሽን አሳዪኝ።

እኅት፦ ይኸው በላስቲክ አስሬዋለሁ። ራጁ፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ ሲወጣ የሰጡን ይኸ ወረቀት።

ባለሙያው፦ ራጁን አትጣይው። ከዚህ ሌላ የምትፈልጊው ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው ካከመው ሆስፒታል የሕክምና ቦርድ የተሰጠ፣ ማኅተም ያለበት፣ ጉዳቱ ቋሚ መሆኑንና መጠኑን የሚናገር ማስረጃ ነው። የመውጫ ወረቀት ስለ ሕክምናው ይናገራል፤ ቢሮ የሚፈልገው ግን የቦርዱን ነው። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስትሄዱ ይህን በግልጽ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ማንም አይሰጣችሁም። ሁለተኛው የስማዳ ቀበሌ የናታችሁ ቤተሰብ አባል መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ሁለቱን ይዘሽ የስማዳ ዋና ከተማ ወገዳ ሂጂና፣ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግቢ። እዚያ በአካል ጉዳተኝነት ይመዘገባል። ድርጅት ወንበር ወይም ሌላ ድጋፍ ይዞ ሲመጣ ስም የሚጠይቀው ከዚያ መዝገብ ነው።

እኅት፦ እኔ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። በሬዎቹን ሸጠን፣ መሬቱን ለብዙ ዓመት አከራይተን፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ጨምረው ሕንድ እንውሰደው ብለናል። እዚያ ይድናል ይላሉ።

ባለሙያው፦ እህቴ፣ ይህን ስነግርሽ ልቤ እየከበደኝ ነው። ከዋሸሁሽ ግን በሬውንም ልጁንም ታጪያለሽ። ራጁንና ሐኪሞቹ የጻፉትን አይቻለሁ። የአጥንቱ ስብራት ተጠግኗል፤ ውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰር ግን ተቆርጧል። የተቆረጠ ሕብለ ሰረሰር የሚቀጥል ሕክምና ሕንድም አሜሪካም የለም። አበበ ቢቂላን ታውቂዋለሽ?

እኅት፦ ሯጩን?

ባለሙያው፦ ሯጩን። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ዳግመኛ ማራቶን ያሸነፈው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣበት አከርካሪው ተሰበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ላኩት። በዚያን ዘመን ለአከርካሪ ጉዳት ከዚያ የሚበልጥ ሆስፒታል አልነበረም። ገንዘብም፣ ዝናም፣ ንጉሥም ነበረው። ሆኖም ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም።

የኔታ፦ ታዲያ ለምን ሄደ?

ባለሙያው፦ ዋናው ነገር እሱ ነው፣ የኔታ። የሆስፒታሉን የአከርካሪ ጉዳት ማዕከል ያቋቋመው ሉድቪግ ጉትማን የሚባል፣ ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ሐኪም ነው። በ1936 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አብዛኞቹ በአልጋ ቁስልና በኩላሊት ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። እሱ ያመጣው ተአምር በየሁለት ሰዓቱ ገላቸውን ማገላበጥ፣ የሽንታቸውን ነገር በሥርዓት መያዝ፣ ክንዳቸውን ማጠንከር፣ ከዚያም ስፖርት ማስጀመር ነበር። አበበም ከዚያ የመጣው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፤ ግን ቀስት ወረወረ፣ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ ተወዳደረ። እግሩን አልመለሱለትም፤ የሚኖርበትን ዘዴ ሰጡት። ያ ዘዴ ደግሞ ሕንድ ድረስ አያስኬድም። ዛሬ ማታ እዚህ ጎጆ ውስጥ መጀመር ይቻላል።

እኅት፦ ምን እናድርግ በለኛ።

ባለሙያው፦ ትናንት ስገለብጠው ጅራት አጥንቱ ላይ ቀልቷል። ያ የቁስል መጀመሪያ ነው። አያመውም፤ ስሜት ስለሌለው አያውቀውም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገልበጥ። ተረከዙ መደቡን እንዳይነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሥር አድርጉ። በየማታው በኩራዝም ሆነ በባትሪ ገላውን እዩ። ካቴተሩ ሳይቀየር ከርሟል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይቀየር፣ ውኃ በብዛት ይጠጣ። ከእሳት አጠገብ አታስተኙት፤ እግሩ ቢቃጠል አይሰማውም። ወጌሻም ወገቡን አይንካው። እጅ ለተሰበረ ወጌሻ አለ፤ አከርካሪ ሌላ ነው።

የኔታ፦ ጸበል ግን ይጠመቅ?

ባለሙያው፦ ይጠመቅ፣ የኔታ። ሲያጓጉዙት ግን በወሳንሳ ይሁን፣ እርጥብ ልብስ ላይ አይተኛ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። በተለይ ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው ይህ ግድ ነው። ያ ባለፈው ዓመት ዱላ ጭንቅላቱን የመታው ጎረቤታችሁ አሁን እንዴት ነው?

የኔታ፦ ደኅና ነው። ይሄዳል፣ ይበላል። ጠባዩ ግን ተለወጠ። ይቆጣል፣ የነገሩትን ይረሳል፣ አንዳንዴም ይጥለዋል። ሰዉ «ሰነፈ» ይለዋል።

ባለሙያው፦ አልሰነፈም። አእምሮው ተጎድቷል። የወደቀው ተማሪ ቢያንስ ጉዳቱ ይታያል፤ ማንም ሰው ሲያየው ያምናል። ይህኛው ግን እግሩ ስለሚሄድ ሴፍቲኔቱም «ጉልበት አለህ» ብሎ ለሥራ ያሰልፈዋል። ለሱ የሐኪም ወረቀቱ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ የሚጥለውን ነገርና የመርሳቱን ነገር ሐኪም ዘርዝሮ ይጻፍለት። የሚጥለው በሽታ መድኃኒት በየመንግሥት ጤና ተቋሙ ይገኛል። እሱንም ወደ ገደል ዳርና ወደ እሳት ብቻውን አትልቀቁት።

እኅት፦ በሬዎቹን አልሸጥም ማለት ነው።

ባለሙያው፦ አትሽጪ። መሬቱም ለብዙ ዓመት ኪራይ አይሂድ። አራሽ ካጣችሁ ለእኩል ስጡ፤ ውሉ በየዓመቱ ይታይ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደርም ይመዝገብ። ደብተሩ በእናታችሁ ስም ከሆነ ከእጃቸው አይውጣ። የውጭ ዘመዶቻችሁ የሚልኩት ብር ካለ ደግሞ ለአውሮፕላን አይሁን። የቤቱ በር ይስፋ፤ ደጁ ላይ ያለው ድንጋይ ተነስቶ ይደልደል፤ መጸዳጃው መቀመጫ ይሠራለት። የአልጋ ፍራሽ ይገዛለት። ያ ብር ለዚህ ሁሉ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

የኔታ፦ ወንበሩስ? ልጁ ከዚህ ሁሉ ይልቅ «መቼ ነው ከዚህ ጎጆ የምወጣው» ነው የሚለኝ።

ባለሙያው፦ ወንበሩ ባሕር ዳር ካለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሊገኝ ይችላል፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የኖረ ነው። በወልድያ በኩል ከሆነ ደሴም ማዕከል አለ። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በመናገሻ የሚሠራው ቼሻየር አለ፤ ወንበር የሚጠግንና የሚያድል አዲስ ጉዞ የሚባል ድርጅትም አለ። ግን ወንበር ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የምታዩት ባለ ትናንሽ የፊት ጎማ ወንበር በዚህ በቤተ ልሔም ድንጋይ ላይ አንድ ክንድ አይሄድም። ባለ ሦስት ጎማ፣ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ለገጠር መንገድ የተሠራ አለ፤ እሱን ጠይቁ። በወገቡ ስፋት ይለካለት። ትራሱ ከሌለ ደግሞ ወንበሩ ራሱ ቁስል ይሆንበታል፤ ያለ ትራስ እንዳትወስዱ።

እኅት፦ እኔ ያገኘሁትን ልቀበል ነበር።

ባለሙያው፦ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ከዚያ ወንበሩ ጓዳ ይቀመጣል፣ ሰውየው አልጋ ላይ ይቀራል። ደግሞ ሌላ አለ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ላይ ቢሆንና «ራሱ ይምጣ» ቢሉሽ፣ ሹሙ ወርዶ ያናግረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ይላል። መግቢያው ካልተሠራ መውረዱ የነሱ ፋንታ ነው።

የኔታ፦ እንግዲህ እኔም የምለው አለኝ። ይህ ልጅ ድጓውን ሊጨርስ ጥቂት ነው የቀረው። አቋቋም ቢሆን ኖሮ በእግር መቆም፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ መዝመም ይጠይቃል። ድጓ ግን ተቀምጠው የሚማሩት፣ ተቀምጠው የሚያስተምሩት ነው። ድምፁ አልተሰበረም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ያስመሰክራል፤ ከዚያ ለጀማሪዎቹ ጾመ ድጓ ይነግራቸዋል። ዓይነ ስውር መምህራን በዚህ አገር ስንቱን አፍርተዋል። በጉባኤው ላይ ማንም የሚከለክለው የለም።

ባለሙያው፦ ደረቱና ክንዱ ደኅና ናቸው። ትንፋሹም ያዜማል። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ግን በየሩብ ሰዓቱ በክንዱ ራሱን ከወንበሩ ያንሳ፤ ዜማውን ቢጀምር ያን እንዳይረሳ አንድ ተማሪ ያስታውሰው።

እኅት፦ ይህን ስትሉ ቢሰማ ደስ ባለው። ግን እንጀራም ያስፈልገዋል። ለጀማሪ ቢያስተምር የሚሰጠው ምንድን ነው?

የኔታ፦ እውነትሽን ነው። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ለመምህር የሚቆርጠው ቀለብ አለ፤ ጥቂት ነው። እጠይቅለታለሁ። የሰንበቴው ማኅበርም ያስበው ዘንድ እነግራለሁ። ሴፍቲኔቱ ላይ ይጨመር እንጂ በሱ ፋንታ አይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ የሌሎቹ ነገር ነው። እዚህ ያሉት ከጎጃምም ከላስታም ከሸዋም የመጡ ናቸው። ነገ ሌላው ቢወድቅ እንዲሁ የማንም አይሆንም።

ባለሙያው፦ ተማሪው ሲገባ የአባቱን ቀበሌ፣ የቤቱ የጤና መድህን መኖር አለመኖሩን አንድ ደብተር ላይ ቢያጽፉ፣ በክረምት አገሩ ሲመለስም በካርዱ ላይ ስሙን እንዲያስገባ ቢያዙት ግማሹ ያልቃል። ሌላው ግማሽ የወረዳው ነው። የአብነት ጉባኤ እንደ አንድ ቤተሰብ ተቆጥሮ ይመዝገብ ብሎ ሀገረ ስብከቱ ደብረ ታቦር ላይ ከዞኑ ጋር ቢነጋገር እላለሁ።

የኔታ፦ ደብተሩን ነገ አስጀምራለሁ። ለሀገረ ስብከቱም እጽፋለሁ።

እኅት፦ ዶክተር፣ የስማዳው ኮሚቴ እንደገና እምቢ ቢለኝስ?

ባለሙያው፦ እምቢታውን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በየቀበሌው አለ፤ እዚያ ታቀርቢያለሽ። እሱም ካልሰማ ወረዳው አለ። ስትሄጂ የምታሳዪው ወረቀት ግን ከእጅሽ አይውጣ፤ ቅጂውን ስጪ።

የኔታ፦ ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሻለሁ። ስሙን ከነአባቱ፣ የእናትሽን ቀበሌ፣ የወደቀበትን ቀን ንገሪኝ።